አልዓዛር ያልወጣበት እሑድ

በሃርንዳይክ መንደር ቤተ ክርስቲያን ሰው ወደ ቤቱ የሚሄደው ሽማግሌው የሰባኪውን እጅ ከጨበጠ በኋላ ነው። ቃለ ቡራኬው ብቻውን አያሰናብትም፤ ኦርጋኑም አያሰናብትም። ባለተራው ሽማግሌ ከፊተኛው ወንበር ይነሣና ከምስባኩ ሥር ቆሞ ሰባኪው ሲወርድ ጉባኤው እያየ ይጨብጠዋል። «የሰበክኸው ወንጌል ነው፤ እኛም ምስክር ነን» ማለቱ ነው። ካፖርት የሚለበሰው፣ ብስክሌት የሚፈታው፣ ምድጃ ላይ የተጣደው ድንች የሚታወሰው ከዚያ ወዲያ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ እንኳ በክርን ተነካኩ እንጂ ሳይነካኩ አልተበተኑም። አንድ ሰባኪ ምስባክ ላይ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ሲወጣ፣ የዕለቱ ሽማግሌ ቃሬዛውን በር ላይ አስቁሞ የተንጠለጠለውን እጅ ጨብጦ ነው የለቀቀው ይባላል።

ስለዚህ ዕጩ ፓስተር ዮሪት በዚያ የኅዳር እሑድ ከምስባኩ ወርዶ እጁን ሲዘረጋ፣ የተዘረጋ እጅ ባዶውን ሊቀር እንደሚችል በሐሳቡም አልመጣ።

ቀረ።

ሽማግሌ ማሪኑስ ከፊቱ ቆሟል። ጥቁር ሱፉን ለብሷል፤ ጫማው እንደ መስተዋት ያበራል። ሁለት እጆቹን ግን ወደ ኋላ አድርጎ አጣምሯቸዋል። ዮሪት ሽማግሌው አላየኝም ይሆናል ብሎ እጁን ትንሽ ከፍ አደረገው። ማሪኑስ እጁን አየው፤ ዮሪትን አየው፤ ንቅንቅም አላለ።

ዮሪት እዚህ የቆመው ለቀልድ አልነበረም። ሦስት አጥቢያዎች ሲሰብክ ሰምተውት «ጌታ ሌላ ስፍራ አዘጋጅቶልሃል» ብለው ሸኝተውታል። ሃርንዳይክ አራተኛዋ ናት፤ ከእሷ ወዲያ የጠራው የለም። የሽማግሌዎች ጉባኤ ልክ ከአምልኮው በኋላ ሊወስን ቀጠሮ ይዟል። ከተጨበጠ ፓስተር ሆኖ ይቀራል፤ ካልተጨበጠ ወደ ሰሜን፣ ወደ አባቱ የወተት ላሞች ይመለሳል። ላሞቹ ደግሞ አይወዱትም።

በዚህ ላይ የተማረ ሰው ነው። ከአንድ የታወቀ የአገልጋዮች ማሠልጠኛ ኮሌጅ በማዕረግ ተመርቋል። ራዕይ መቅረጽ፣ ቡድን መገንባት፣ ግጭት መፍታትና ስብሰባ ማሳጠር ተምሯል። ወንጌልን በተመለከተ ኮሌጁ «ተማሪው ከቤቱ ይዞት ይመጣል» ብሎ ገምቶ ነበር፤ ተማሪው ደግሞ «ኮሌጁ ይሰጠኛል» ብሎ ነበር የተመዘገበው።

«ወንድም ማሪኑስ» አለ ዮሪት ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «እጄ እኮ...»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን እየጠበቁ ነው?»

«አልዓዛርን» አለ ማሪኑስ።

«ማንን?»

«አልዓዛርን። ድንጋዩን አስነሣህ፣ አሜን አልክ፣ ወረድክ። ሰውየው ግን አልወጣም። እዚያው ውስጥ ነው ያለው።»

ነገሩ እውነት ነበር። የዕለቱ ስብከት ርእስ «ድንጋዩን ማን ያነሣዋል? ከቢታንያ መቃብር የምንማረው የመሪነት ጥበብ» የሚል ነው። ጌታ ድንጋዩን ራሱ እንዳላነሣው፣ ሌሎችን አንሡ እንዳለ፣ ይህም ኃላፊነትን የማከፋፈል ምሳሌ መሆኑን ዮሪት በግድግዳው ላይ በሚያምሩ ሥዕሎች አስደግፎ አስረድቷል። ኮሌጁ ከሃያ ደቂቃ ያለፈ ስብከት እንደ ጥፋት ስለሚቆጥር፣ ድንጋዩ በተነሣበት ቅጽበት ወደ ሕዝቡ ዞሮ «የእናንተስ ድንጋይ ምንድን ነው?» ብሎ ዘጋው። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ውጤት የምትሞላለት አሠልጣኙ ዶክተር ፍሌር ራሷን በእርካታ ነቅንቃ ነበር።

«እሱማ ይወጣል እኮ፤ የታወቀ ነው» አለ ዮሪት።

«ማን አለ?»

«ታሪኩ ላይ አለ!»

«ታሪኩ ላይ አለ፤ ያንተ ስብከት ላይ የለም። እኔ ደግሞ የምጨብጠው ያንተን ስብከት ነው።»

ከላይ ኦርጋኑ ቀጠለ። ኦርጋን የምትጫወተው ዲንገና ከራሷ በላይ በተሰቀለች ትንሽ መስተዋት የእጅ መጨባበጡን አይታ ነው ዜማ የምትዘጋው። መጨባበጡን ሳታይ መዝጋት አትችልም። የዕለቱን መዝሙር ጨርሳ የባለፈውን ሳምንት ደገመች፤ የፋሲካን አመጣች፤ የገናን አስከተለች። መዝሙር ሲያልቅባት የበረዶ ሸርተቴ ክበቡን የሰልፍ ማርሽ ጀመረች፤ ከኋላ አንዳንዶች በእግራቸው ምት ያዙላት።

ዮሪት ትምህርቱን አስታወሰ። የተቆጣን ሰው መጀመሪያ ስሜቱን መልሰህ አሰማው።

«እንደምሰማው ከሆነ ቅር ብሎዎታል» አለ።

«ጆሮህስ ደህና ነው» አለ ማሪኑስ።

«ቅሬታዎንም አከብራለሁ።»

«አክብረው። እጄን ግን አታገኛትም።»

በዚህ ጊዜ ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ብድግ አለች። «ኧረ ማሪኑስ፣ ጨብጠውና እንሂድበት! ድንቼ እሳት ላይ ነው!»

«ይረርልሽ!» አለ ማሪኑስ ዞር ሳይል። «ሰው ከነነፍሱ መቃብር ትቶ ወርዶ ስለ ድንች ታወሪኛለሽ?»

«ከነነፍሱ አይደለም እኮ፤ ገና አልተነሣም» አለ አንድ ጠንቃቃ ሰው ከጎኗ።

«እሱን ነው እኔም የምለው!»

የቀሩት ሽማግሌዎች መተላለፊያው ላይ ተሰበሰቡና ክብ ሠሩ። አንደኛው፣ ስብከቱ እስከ ድንጋዩ ድረስ ደህና ስለነበር ማሪኑስ በሁለት ጣት ብቻ ቢጨብጥስ አለ። ሁለተኛው በግራ እጅ ይሁን አለ። ሦስተኛው አልዓዛር ወደሚቀጥለው እሑድ ይተላለፍ ሲል፣ የሚቀጥለው እሑድ የሕፃናት ዝማሬ እንደሆነና ከዚያም በዓላቱ ስለሚደራረቡ ሟቹ ከጥር በፊት ተራ እንደማይደርሰው ተነገረው። በመጨረሻ ድምፅ ሰጡ። «አልዓዛር በግልጽ ባይወጣም በተዘዋዋሪ ወጥቷል» የሚል የውሳኔ ሐሳብ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ አለፈ። ውሳኔውን ለማሪኑስ አነበቡለት።

«በድምፅ ብልጫ ከመቃብር የወጣ ሰው አላውቅም» አለ።

ዶክተር ፍሌር ከዚህ በላይ አልቻለችም። ቦርሳዋን አንግታ መተላለፊያውን እያቋረጠች መጣች።

«ዮሪት፣ ድንበርህን አስከብር» አለችው። «ስብከትህ ከአሥር ዘጠኝ ነበር።»

«ይቅርታ እህቴ» አለ ማሪኑስ በትሕትና፣ «አንዷ በምን ጎደለች?»

ዶክተር ፍሌር ወረቀቷን ገለጥ አደረገች። «በእጅ አጠቃቀም።»

ጉባኤው በሙሉ የዮሪትን የተዘረጋ እጅ አየ።

«ክፍት ጥያቄ ጠይቀው» አለች ዶክተር ፍሌር በሹክሹክታ። «አዎ ወይም አይደለም የማይባልበት።»

ዮሪት ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ወንድም ማሪኑስ፣ አልዓዛር ቢወጣ ለእርስዎ... ምን ትርጉም አለው?»

ዲንገና ድንገት አቆመች። መስተዋቷ ውስጥ የማሪኑስን ፊት አይታ ይሆናል። ወይም ማርሹ አልቆባት።

«ማክሰኞ ሚስቴን ያናን ቀብሬያለሁ» አለ ማሪኑስ።

ይህን የማያውቅ አልነበረም። ዮሪትም ቢሆን ከአምልኮው በፊት በሽማግሌዎቹ ክፍል ተነግሮት ማሪኑስን «ለራስዎ ጊዜ ይስጡ» ብሎታል፤ በዚያ ምላሹም ጥቂት ኮርቶ ነበር።

«ተራህን እንያዝልህ አሉኝ» ቀጠለ ማሪኑስ። ድምፁ አልጨመረም፤ አልቀነሰም። «እንቢ አልኳቸው። ማስታወቂያው ላይ ቢታንያ የሚል ሳይ፣ እሰይ፣ ለኔ ነው የመጣው አልኩ። ከንጋት ጀምሮ ለብሼ ተቀምጬ ነበር። አንተ መቃብሩ ዘንድ ስትደርስ እኔ ወንበሬ ጫፍ ላይ ነበርኩ። ድንጋዩን ሲያነሡት... ልጄ፣ እኔ እኮ አብሬ ነበር የገፋሁት። ከዚያ ኃላፊነት ማከፋፈል አልክ። እኔ ለማን ላከፋፍል? ከዚያ አሜን አልክ። የያናን ድንጋይ ከፍተህ፣ ብርድ አስገብተህባት ሄድክ።»

የድንቿ ሴት ተቀመጠች።

ዮሪት እጁን አወረደ። የወረደው ደክሞት ብቻ አልነበረም። እጁ እዚያ አየር ላይ ምን ይሠራ እንደነበር እሱም ጠፍቶበት ነው። የተማረውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በረበረው። ራዕይ አለ፣ ቡድን አለ፣ የተሳለጠ ስብሰባ አለ። በሞተ ሰው ፊት የሚነገር ቃል ግን አላገኘም።

የምስባኩን ደረጃ መልሶ ወጣ። በልማድ የሥዕል መቀየሪያዋን ሲጫን ግድግዳው ላይ «ስለ ትኩረትዎ እናመሰግናለን» የሚል ከፈገግታ ሥዕል ጋር ብቅ አለ። አጠፋው።

«ወንድም ማሪኑስ» አለ ከላይ። «ልዋሽዎት አልፈልግም። አልዓዛርን ያስቀረሁት ደቂቃ አልቆብኝ አይደለም። እኔ... ማውጣት አልችልበትም። ኮሌጅም ከድንጋዩ አልፈን አናውቅም።»

ዶክተር ፍሌር አንድ ነገር ልትጽፍ ጀምራ ተወችው።

«ታዲያ አንተን ማን አውጣ አለህ?» አለ ማሪኑስ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጣ መሰለ። «አንተም የምትሞት ሰው አይደለህ እንዴ? ከኔ ጋር ነው እኮ የምትቀበረው! ሰባት ዓመት ፓስተር ስንፈልግ የቆየነው ሙት የሚያስነሣ አጥተን ይመስልሃል? እሱማ አለን። የሚያወጣውን ማን እንደሆነ ንገረን። ሌላ ሥራ የለህም።»

ዮሪት የምስባኩን ጫፍ በሁለት እጁ ያዘ። ሲናገር እንደ ወትሮው ከሆዱ ሳይሆን ከጉሮሮው ነበር፤ ቃላቱም ተደናቀፉ።

«መጀመሪያ... ጌታ አለቀሰ» አለ። «ይህን ዘልዬዋለሁ። ለመሪነት አይመችም ብዬ። መቃብሩ ዘንድ ሲደርስ አለቀሰ። ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። ከዚያ ጠራው። በስሙ ነው የጠራው። አልዓዛር ምንም አላደረገም፣ ምንም። ራዕይ አልነበረውም። ሸትቷል። የወጣው ስለተጠራ ነው።»

ወደ ታች ተመለከተ። የማሪኑስ እጆች አሁንም ከኋላው ተጣምረዋል።

«ይህን በማድረጉ ደግሞ ሊገድሉት መከሩ። እሱም አውቆት ነው የጠራው። አልዓዛር ወጣ፣ እሱ ገባ። ስለ በደላችን ነው የገባው... ያናም፣ እኔም፣ እርስዎም ልንገባበት በሚገባን ቦታ ገባ። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩን ያነሣለት ቡድን አልነበረም። ስለዚህ ወንድም ማሪኑስ፣ ያናን ብቻዋን አይደለም ያስቀመጧት። ያለችበት እሱ የገባበት መቃብር ነው፤ ወጥቶበታልም። ስሟን ያውቀዋል። ይጠራታል። እኔ... እኔ የማውቀው ይኼን ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የለኝም።»

ከኋላ አንድ ሰው አፍንጫውን ጠረገ። ማሪኑስ ከጀርባው ያጣመራቸውን እጆች ፈታ። ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ አወጣና ወደ ምስባኩ፣ ወደ ላይ ዘረጋው። አንድ መቶ ካፖርት በአንድ ጊዜ ተንኮሻኮሸ። ዲንገና ጣቶቿን ወደ ቁልፎቹ አስጠጋች። የድንቿ ሴት የብስክሌት ቁልፏን ጨብጣ በግማሽ ተነሥታለች።

ዮሪት የሚፈልገው እጅ ያ ነበር። አጥቢያዋ፣ ቤቱ፣ ደመወዙ፣ ከላሞቹ መገላገሉ ሁሉ እዚያ መዳፍ ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ መያዝ ብቻ ነው የቀረው። ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀና አለ።

«ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ወንድም ማሪኑስ» አለ።

«ምን ቀረ?»

«ወጥቷል፤ ግን ከፈኑ አልተፈታም። እግሩም እጁም እንደተጠቀለለ በር ላይ ቆሟል። እንዲህ ትቼው አልወርድም።»

ማሪኑስ እጁን እንደዘረጋ አፍታ አሰበ። ዶክተር ፍሌር ሰዓቷን ልታይ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ከዚያ እጅጌዋን መልሳ ዘረጋችው። ሽማግሌው እጁን ወደ ራሱ መለሰ፤ ወደ ፊተኛው ወንበር ሄዶ ሱፉን ሰብስቦ ተቀመጠ። እጁን ኪሱ ውስጥ አስገብቶ አንዲት የሚንት ከረሜላ አወጣ። ወረቀቷን ቀስ ብሎ ፈታና አፉ ውስጥ ከተታት።

በሃርንዳይክ ከረሜላ አፍ የሚገባው ስብከት ሲጀመር ብቻ ነው።

የድንቿ ሴት ማሪኑስን አየች። የብስክሌት ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ጣለችና በረጅሙ ተንፍሳ ተቀመጠች፤ እሷም ከረሜላ ትፈልግ ጀመር። ከዚያ ከፊት እስከ ኋላ፣ ከረድፍ ወደ ረድፍ እየተቀባበለ፣ የከረሜላ ወረቀት ተንሿሿ። ዮሪት የወረቀቱ ድምፅ እስኪያበቃ ጠበቃቸው።