የአባቴ የግራ ጎን

አጽሙ አንኮበር የገባው በበቅሎ ጀርባ፣ ጭድ በተጎዘጎዘበት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ነው። እስከ ደብረ ብርሃን በመኪና መጣ፤ ከዚያ ወዲህ የአልዩ አምባው ነጋዴ ረሺድ ጫነው። መንገድ ላይ የሣጥኑ ክዳን ተከፍቶ አንድ እጅ ብቅ ቢል፣ ረሺድ «ኢና ሊላሂ!» ብሎ በቅሎዋን ጥሎ ሮጠ። ስለዚህ ወሬው ከአጽሙ ቀድሞ ከተማ ገባ። አስተማሪው ሬሳ አስመጣ ተባለ።

የሳይንስ አስተማሪያችን ብርሃነ መስቀል «ከጀሶ የተሠራ ነው፤ ሰው ሆኖ አያውቅም» እያለ ቢምል ቢገዘት ማን ሰምቶት! ሰባተኛ ክፍል ጥግ ላይ በሽቦ ሰቀለውና በአርጩሜ እየነካ ያስተምረን ጀመር። ወንዶቹ ጥርሱን እያዩ ያማትባሉ። እኔ ግን ወደድኩት። ነርስ ልሆን ቆርጬ ነበርና፣ የማይጮህና የማይሳደብ በሽተኛ ማግኘቴ ነው።

ሁዳዴ ሲጋመስ የጎን አጥንት ላይ ደረስን። «ወንድም ሆነ ሴት፣ በቀኝ አሥራ ሁለት፣ በግራ አሥራ ሁለት» አለን። እኔ ምላሴ አያርፍ፣ ቤት ገብቼ ለአባቴ ለመምሬ ወልደ ሰንበት ነገርኩት።

«ሔዋን ታዲያ ከምን ተሠራች? ከጭድ?» አለ አባቴ። «የወንድ ግራ ጎን አንዲት ትጎድላለች! ይኸን ያልደረሰ ዲያቆን እንኳ ያውቃል።»

በማግስቱ ጭራውን ይዞ ክፍላችን ገባ። የአጽሙን ጎን በመስቀሉ ጫፍ እየነካ ቀኙን ቆጠረ፤ ግራውን ቆጠረ። እኩል ሆነበት።

«ይቺማ ሴት ናት!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ባለጌ፣ ራቁቷን ወንዶች ፊት ትሰቅላታለህ?» ጋቢውን ገፎ አለበሳት።

አስተማሪው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «መምሬ፣ እርስዎም እኮ በግራ አሥራ ሁለት ነው ያለዎት» አለ።

አባቴ ጢሙ ተንቀጠቀጠ። «አሁን ቅዳሴ አለብኝ። ነገ መጥቼ እዚሁ ልጄ ይመኙሻል ትቆጥረኛለች። ከሞላ ትማር። ከጎደለ ግን፣ ሚካኤልን! ከትምህርት ቤት አወጣትና ለደብረ ሲናው ባለወፍጮ እድራታለሁ።»

አባቴ ከማለ ማለ ነው። ባለወፍጮው ከብትም ቤትም ነበረው፤ ጥርስ ግን አጽሙ ይበልጠው ነበር።

በማግስቱ አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እጀ ጠባቡን ገለበ። ጾሙ አክስቶት ጎኑ እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆኗል። ቀኙን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት። በግራው ከላይ ጀምሬ ወረድኩ። አሥራ አንድ ላይ አለቀብኝ። እንደገና ጀመርኩ። አሁንም አሥራ አንድ! ወንዶቹ መንሾካሾክ ያዙ።

«ይመኙሻል፣ የመጨረሻዋ እኮ...» ብሎ አስተማሪው ሊጀምር ሲል አባቴ «አንተ ዝም በል!» አለው።

ጣቴ ሥጋ ብቻ ይዳስሳል። ባለወፍጮው በድዱ ሲስቅ ታየኝና እንባዬ መጣ። አሥራ ሁለት ነው ብዬ ልዋሽ አልችልም፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው።

ይኼኔ አባቴ እጄን ያዘኝ። ክፉኛ ጨብጦ ወደ ጀርባው ሳበውና ከወገቡ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ጫነው። ጣቴ ሥር አጭር፣ ሹል አጥንት ተንቀሳቀሰች።

«ከቀኟ ታጥራለች፤ ከኋላ ናት» አለኝ በሹክሹክታ። «ዘለልሻት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቆዳው እዚያ ላይ በጥፍር ተቧጥጦ ቆስሏል። ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልጋት ነው ያደረው።

«አሥራ ሁለት!» አልኩ።

አባቴ እጀ ጠባቡን አወረደና ክፍሉን በግልምጫ አዳረሰው። «ምን ያስቃችኋል? የተወሰደው ከአዳም ነው! ከእኔ ምን ተወሰደ?» ብሎ ጭራውን እያወናጨፈ ወጣ።

ጋቢውን አልወሰደም። ያን ዓመት ሙሉ አጽሙ ለብሶት ቆመ። እኔም አጥንት በተማርን ቁጥር ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ያቺን የኋላዋን መጀመሪያ እነካታለሁ። አባቴን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።