የዮሪት የሙከራ ጊዜ

ዮሪት ሌዋርደን በምትባል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ መዋለ ሕፃናት በሙከራ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የሕፃናት አስተዳደግ ሲያጠና ከክፍሉ ወንድ እሱ ብቻ ነበር። ኤሌክትሪክ ያጠናውን ታናሽ ወንድሙን ገና ሳይመረቅ ቀጣሪዎች ሲሻሙት፣ አጎታቸው በአንድ የልደት ድግስ ላይ ኬክ እየጎረሰ፣ «አንተ ደግሞ ለሞግዚትነት ነው ዲግሪ የጫንከው?» ብሎ አሹፎበታል። ሹፈቱንስ ለምዶታል፤ ያልለመደው የወላጆችን ዓይን ነው። ሴቶቹ መምህራን ልጅ ሲያቅፉ ዞር ብሎ የሚያይ የለም፤ እሱ ያቀፈ እንደሆነ ግን ወሬ ይቆማል። ስለዚህ የልጅ ልብስ መቀየር ሲመጣ ሁልጊዜ አንዷን ይጠራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ልጆቹን ይዘው ለመዝሙር ወደ አዳራሹ ሄዱ። ትንሿ ፌና ግን ሥዕሌን ልጨርስ ብላ እሱ ዘንድ ቀረች። ብዙም ሳትቆይ ማልቀስ ጀመረች።

«ዮሪት፣ አመለጠኝ!»

ቀሚሷም ካልሲዋም ርሷል። ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብሎ ተጣራ፤ የሚሰማው አልነበረም። ብቀይራትስ? ሰው ቢገባስ? ልጅቷ በብርድ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። በመጨረሻ የመታጠቢያ ቤቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተና ይቀይራት ጀመር።

«እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል? አንተም በረደህ?»

«አዎ፣ በረደኝ» አላት።

ቀና ሲል ልትወስዳት የመጣችው እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። ልጇን አፈፍ አድርጋ ወጣች።

ከሥራ ሊወጣ ሲል ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሂልትየ አስጠሩት።

«እናትየው ደውላ ነበር። ‹ምንም ካላጠፋ ለምን ይንቀጠቀጣል?› ነው የምትለው።»

«ምን አሏት?»

«መምህር ነው አልኳት። አይዞህ፣ ቋሚ ትሆናለህ። ልብስ መቀየሩን ግን ለሴቶቹ ተወው። ለራስህ ብዬ ነው።»

እፎይ ብሎ ሊያመሰግናቸው ነበር። ግን ሐሳቡን ቀየረ።

«እሱን ከተውኩ ግማሽ መምህር ነኝ» አለ፣ ድምፁ እየሰለለ። «እነሱ የተማሩትን ነው የተማርኩት።»

ወይዘሮ ሂልትየ ትክ ብለው አዩት። «እንግዲያው ነገ ለእናትየው ራስህ ንገራት።»

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ጠዋት እናትየው ብስክሌቷን አቁማ ስትመጣ ቀረባት። ምን እንደተፈጠረ፣ ማንን እንደተጣራ፣ ለምን እንደፈራ አንዱንም ሳይደብቅ ነገራት።

«እኔም ፈርቼ ነው» አለች መሬት መሬት እያየች። «በሩ ክፍት እንደነበር አይቻለሁ። ግን ወንድ ሆነህ… ይቅርታ፣ ገና አልለመድኩትም።»

ፈገግ አላለችም። የልጇን እጅ ግን ለቀቀችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ዮሪት ቋሚ ሆነ። ልብስም ይቀይራል። ልጅ በጠራው ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚያየው ልጁን ሳይሆን ኮሪደሩን ነው።