የያርጋል ኮት ቁራጭ

ሐመልማል እንደምትለው፣ ከልጇ ከያርጋል ኮት የተረፈችውን ቡናማ ካኪ «ኋላ ለእጅጌው መጣፊያ ትሆናለች፤ ተቀብለህ አምጣ» ብላ ልካው ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ዘይቱና ግን አስቀረችባት። ዘይቱና እንደምትለው ደግሞ አላስቀረችም፤ ቁራጯ በእጇ ተሰጥታት ነው። የደባርቅ ገበያ ለሁለት ተከፍሎ እኩሌታው ለአንዷ፣ እኩሌታው ለሌላዋ ፈረደ። ያርጋልን መጠየቅ አይቻል ነገር፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ወባ ጥሎት እዚያው ተቀብሯል።

ሬሳ በሌለበት የሟች ልብስ መደብ ላይ ተዘርግቶ ይለቀሳል። ያርጋል ደህና ልብሱ ያቺው ኮት ብቻ ነበረች፤ ለብሷት ወረደ፣ ከእሱው ጋር ቀረች። ለእሑዱ ለቅሶ ለእናቱ የተረፈላት መዳፍ የምታህለው ቁራጭ ናት።

ቁራጯ ግን ዘይቱና ክረምቱን ሙሉ ከስፌት ትራፊ ገጣጥማ በሠራችው የግድግዳ ጨርቅ መሃል ተሰፍታለች። ሰማዩ ከተማሪ ዩኒፎርም፣ ገደሉ ከሱፍ ቅዳጅ፣ ከገደሉ ሥር ያለችው የታረሰች ማሳ ከያርጋል ካኪ። ባሏ አህመድ «ድሪቶሽ» እያለ ሲቀልድባት ኖሮ፣ ዘንድሮ ከኮሶዬ የእንግዳ ማረፊያ ሰዎች መጥተው አዩትና አዳራሻችን ውስጥ እንስቀለው አሉ። ነገ ሊወስዱት ነው። የእጇ ሥራ ሰው ፊት ሲሰቀል ለዘይቱና ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐመልማል ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ሱቁ ድረስ መጣች። ጨርቁ ፊት ቆመች።

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ሌባ ልልሽ ነበር የመጣሁት።»

«በገበያ ያልሽኝ መች አነሰና? ዳባት ድረስ ተሰምቷል» አለች ዘይቱና። ሁለቱንም ፈገግታ ቃጣቸው፤ አልሆነላቸውም።

ዘይቱና ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነበር። ብትናገረው የሞተ ልጅ እናቱን ዋሸ ማለት እየሆነባት ይዛው ከርማለች።

«ኮቱን ሊወስድ ሲመጣ ቁራጯን ጠቅልዬ ሰጠሁት» አለች። «እዚያችው አንቺ የቆምሽበት ቆሞ ሲያይ ቆየና ‹እትዬ ዘይቱና፣ ይችን እዚህ ላይ ይጨምሯት፤ እኔ እንደሁ የተጣፈ ለብሼ አልመለስም› አለኝ። ‹እናትህስ?› ስለው ‹ረስታ ጣለችው እላታለሁ› ብሎ ሳቀ። ወላሂ፣ እውነቴን ነው።»

ሐመልማል ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ረስታ ጣለችው ነው ያለኝ» አለች። «እኔም ተቆጣሁት። ሊሄድ ሲነሳ በዚህች ቁራጭ ነገር ተቆጣሁት።»

ተነስታ ማሳዋን በጣቷ ዳሰሰችና እጇን ሰበሰበች።

«እሱ በእጁ ከሰጠሽ ስጦታ ነው። የሟች ስጦታ አይነጠቅም። እሑድ በባዶ መደብ አለቅሰዋለሁ።»

ወደ በሩ ዞረች። ዘይቱና ጨርቁን አውርዳ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፤ ከመሳቢያው ምላጭ አወጣች። እዚያው ሲሰፋ የቆየው አህመድ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «ነገ እኮ ሰዎቹ...» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ተወው።

«ተቀመጪ እቴ» አለች ዘይቱና። «ስፌቷን ፈትቼ እሰጥሻለሁ፤ ይዘሻት ትሄጃለሽ። ቦታዋን በሌላ ጨርቅ አልደፍነውም። የኮሶዬ ሰዎች ከነክፍተቱ ከወሰዱት ይውሰዱት፤ ካልወሰዱት እኔው ጋ ይቀራል።»