የእንግዳ ዕቃ

እትዬ መብርሂት ያን እሑድ ከንጋት ጀምሮ አልተቀመጡም። ሽማግሌ ሊመጣ ነው! ልጃቸውን ሉሊን ለአሉላ ሊጠይቁ ሰዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባሉ፤ ካዛንቺስ ያለው ቤታቸው ውስጥ ደግሞ በረሮ አለ። አንዲቷ በሽማግሌ ፊት ብትወጣ ጉድ ፈላ! "እናቷ ቤት መጥረግ የማታውቅ" ተብሎ የልጅቷ ነገር ሊበላሽ ነው።

እና ምን ያላደረጉት አለ? ወለሉን ሦስቴ በበረኪና ወለወሉ። ሶፋውን ገለበጡ። ፍሊት ነፍተው ራሳቸው አስነጠሳቸው። ጥፋተኛዋንማ ካገኙ ሳምንታቸው ነው፤ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው ሲፋን፣ መስቀል ፍላወር ካፌ ውስጥ የምትሠራዋ ልጅ። "አንቺ ነሽ በካርቶንሽ ያመጣሽብኝ! ሰኞ ትለቂያለሽ!" ብለዋታል።

ያም ሆኖ የሽማግሌ ቀን ነው ብላ ልታግዝ መጣች። "እትዬ፣ በረሮ ፍርፋሪ ባለበት ነው የሚከርመው። ማለቴ፣ ቡፌውን ከፍተው አይተውታል?"

"ቡፌዬን? በስመ አብ! የእንግዳ ዕቃ እኮ ነው፤ ማን ነክቶት ይቆሽሻል?"

እውነታቸውን ነው፣ ማንም አልነካውም። መስታወቱ በየቀኑ ይወለወላል፣ ውስጡ ግን ካለፈው ገና ወዲህ አልተከፈተም።

ሽማግሌዎቹ መጡ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። የእትዬ መብርሂት ወንድም ሃድጉ ሰምቶ "እሺ ብለናል፣ ተቀመጡ" አላቸው። እትዬ መብርሂት ደስታቸው ገንፍሎ፣ ባለ ወርቅ ጠርዙን ብርጭቆ ሊያወጡ ቡፌውን ራሳቸው ከፈቱት።

ሰሃኑ ስር ከተነጠፈው ጋዜጣ፣ ከገና ከተረፈው ብስኩት ውስጥ በረሮው ግር ብሎ ወጣ። አንዱ በሽማግሌዎቹ አለቃ በአቶ ገብረሕይወት ጫማ ላይ ወጣ።

"ይቺ ተከራዬ ናት ያመጣችብኝ!" አሉ እትዬ መብርሂት፣ ትሪ ይዛ በር ላይ የቆመችውን ሲፋንን እየጠቆሙ። ምላሳቸው ቀደማቸው።

ሲፋን ቡፌውን አየች፣ ጓዳ በር ላይ አንገቷን የደፋችውን ሉሊን አየች። "ይቅርታ አባቶቼ፣ ከኔ ክፍል ነው የመጡት" አለች።

አቶ ገብረሕይወት ጫማቸውን አራግፈው ሳቁ። "ኧረ ምን ችግር አለው ልጄ! እኛስ ቤት ሞልቶ የለ!"

በቃ፣ ነገሩ ተቃና፣ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ፣ እልል ተባለ። እትዬ መብርሂት ግን እልል ሳይሉ ቡፌውን ዘጉት።

እንግዶቹን እንደሸኙ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ሄዱ። ክፍሉ ጥርግ ብሏል፤ ካርቶኖቹ ታስረዋል። እንዲህ አፍረው አያውቁም።

"ልጄ፣ የሰኞውን ተይው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እዚሁ ኑሪ።"

"እሄዳለሁ እትዬ" አለች ሲፋን። "በረሮዎቹ ግን አብረውኝ አይሄዱም።"