የረገበው ካሴት

ፀጋው የሬዲዮኑን ስፒከር በምላጭ ሲሰነጥቀው ዓይናለም ከበሩ ላይ ጮኸች።

"አበድክ እንዴ! ያለን ሬዲዮ እሱ ብቻ አይደል?"

"ካልተቀደደ ያ ድምፅ አይወጣም" አላት ቀና ሳይል።

ጊታሩን ከሬዲዮኑ ጋር በሽቦ አገናኝቶ ሲነካው፣ የአንድ ፈረንጅ የሮክ ጊታሪስት ሻካራ ድምፅ ጅቡቲ፣ ባልባላ ሰፈር ያለችውን ቆርቆሮ ቤታቸውን ሞላት። የዓይናለም ንዴት በረደ። ሟቹ ደስታው ከነነፍሱ የመጣ መሰላት። ደስታው የፀጋው ታላቅ ወንድም ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከባድ መኪና ሲነዳ የዚያን ጊታሪስት አንድ ካሴት እያስጮኸ ኖሮ፣ አምና ጋላፊ መንገድ ላይ ተገልብጦ ቀረ። ፀጋውም ጊታር የተማረው ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀምጦ ነው። የካሴቱ ድምፅ ጫፍ ላይ ያለችውን መንቀጥቀጥ በጣቱ እስኪያወጣት ድረስ አበሳውን አይቷል።

"ሆቴሉ ዛሬ ፈትኖ ለባንዱ ካልወሰደህ ምን ይውጠናል?" አለች ዓይናለም። ሆዳን ሰፈር ሰው ቤት እያደረች ነው የምትሠራው፤ ባሏን የምታየው አርብ አርብ ብቻ ነው። "እመቤቲቱ ሆዴን አይታዋለች። ልጅ ይዘሽ እዚህ አታድሪም ብላኛለች።"

"ይወስዱኛል።"

የሆቴሉ ባንድ መሪ ባሺር ድሬዳዋ ያደገ ነው። ፀጋውን ቁመቱን ከሚያህል አምፕሊፋየር ፊት አቁሞ ጥቂት አዳመጠና ፊቱን አጨማደደ።

"ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ጣትህ ምን ሆኗል? ምን ያንቀጠቅጠዋል?"

"ዘፈኑ እንደዚያ ነው።"

ባሺር ሲዲውን ከፈተለት። የጊታሪስቱ ድምፅ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ መንቀጥቀጥ የሚባል ነገር የለበትም።

"አንተ ከየት ተማርከው?"

"ከካሴት። ከወንድሜ መኪና።"

"የካሴቱን ክር ፀሐይ መትቶት ረግቦ ነዋ!" ባሺር ሳቀ።

ፀጋው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያጠና የኖረው የበረሃውን ሙቀት ነው። ከደስታው የቀረውም ያችው መንቀጥቀጥ ብቻ ነበረች።

"ሻካራውን ድምፅ ማሽኑ ያወጣልሃል፤ አንተ ጣትህን ብቻ አርጋ። ወይስ ሌላ ሰው ልጥራ?" አለው ባሺር።

ፀጋው የዓይናለም ሆድ ታወሰው። ጣቱን የጊታሩ ክር ላይ አጥብቆ ጫነ። ድምፁ ቀጥ ብሎ፣ ጠርቶ ወጣ።

"በቃ፣ ነገ ና" አለ ባሺር።

ዓይናለም ወደ ሆዳን ሳትመለስ ደረሰባት።

"እንደ ደስታው ተጫወትክላቸው?"

"ወሰዱኝ።"

እልል ብላ ካሴቱን ሬዲዮኑ ውስጥ ልታስገባ ስትል እጇን ያዛት።

"ተይው። ከሰማሁት ጣቴ ወደ መንቀጥቀጡ ይመለሳል።"

ካሴቱን ተቀብሎ በደስታው ሸሚዝ ጠቀለለና ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት።