የሞሚና መለኪያ

በእኛ ቀበሌ ከእኔ ቀድሞ ዝናብ የሚያውቅ ሰው የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ። አፈሩ ገና ሳይርስ አፍንጫዬ ይሸተዋል። ጉንዳን ተሰልፎ ሲሄድ ካየሁማ አለቀ፣ ቢበዛ በሁለተኛው ቀን ይዘንባል። አምና አባቴን «ዝራ፣ መጥቷል» ያልኩት እኔ ነኝ። ደግሞም መጥቶ ነበር። ሁለት ቀን ዘንቦ ሦስት ሳምንት ጠፋና ማሽላው ሁለት ጣት ካደገ በኋላ ቆሞ ተቃጠለ እንጂ። ክረምቱን ያለፍነው መቻራ ያለችው አክስቴ በላከችልን በቆሎ ነው። ቢሆንም መምጣቱን አውቄያለሁ አይደል? ይቆያል ወይ ብሎ ማን ጠየቀኝ?

ዘንድሮ የሚጠየቀው ሌላ ሰው ሆነ። ሞሚና።

ሞሚና ጎረቤቴም እኩያዬም ናት፣ ውሃ የምንቀዳው አንድ ላይ ነበር። እሷ ስምንተኛን ጨረሰች። እኔ ከአምስተኛ ወጥቼ ወደ ጭሮ በሚወስደው መንገድ ዳር እናቴን ሻይ በመሸጥ አግዛለሁ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው የግብርና ባለሙያ፣ ተስፋዓለም፣ በገበሬዎች ማሰልጠኛው ግቢ እንጨት ተከለና አናቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም የፕላስቲክ ብርጭቆ አሰረ። «የዝናብ መለኪያ ነው። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንብቦ የሚጽፍ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የተመረጠችው ሞሚና ናት።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ የእሷ ሆነ። ደብተሯን በብብቷ ሸጉጣ ስታልፍ ሻይ የሚጠጡት ሽማግሌዎች ሁሉ አንገታቸውን ያዞራሉ። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ሞሚና፣ ዛሬ ስንት ሆነ?» ይሏታል። እኔን የሚሉኝ «ስኳር ጨምሪበት» ነው። እሱስ ይሁን። የገዛ አባቴ ግን ሰማዩን ቀና ብሎ ያይና «ሞሚና ምን አለች?» ይላል። እኔ አጠገቡ ቆሜ።

በሚያዝያ መጀመሪያ ከጭሮ የመጣውን የአየር ትንበያ ወረቀት ለሰው ያነበበችው እሷ ናት። ትንሽ ያካፋል፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ይቋረጣል። ስለዚህ በሦስት ቀን ውስጥ መለኪያው ሃያ ሚሊ ካልደረሰ ማንም ዘር እንዳያወርድ። እኛ ጋ የማሽላ ዘር ከነራሱ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፣ ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ወረደ ማለት ተዘራ ማለት ነው። አባቴም አምና ሳይዘራቸው የተረፉ አሥራ አንድ ራሶች ሰቅሎ ነበር። ሌላ ዘር የለንም።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ካፊያ ጣለ። እኔም አሰብኩ። ወረቀቱ ትንሽ ነው የሚዘንበው ብሏል። መለኪያው ብዙ ካለ ወረቀቱ ዋሸ፣ አንባቢዋም ዋሸች። ከዚያ በኋላ እስቲ ማን አንገቱን እንደሚያዞርላት አያለሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ዕቃ ሰብስቤ ወደ ቤት ስሄድ እናቴ የሻይ ብርጭቆ ያለቀለቀችበት ውሃ በጆግ ተርፎ ነበር። የማሰልጠኛው አጥር በአንድ በኩል ወድቋል። ገባሁ፣ እስከ ሠላሳ ሞላሁት፣ ወጣሁ። ቁጥር እኔም አውቃለሁ።

ጠዋት ገና ሳይሞቅ በዚያ በኩል ሳልፍ እንጨቱ ላይ ጉንዳን ከታች እስከ አናቱ ተሰልፏል። ሳቄ መጣ። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

«አባዬ፣ የሞሚና መለኪያ ሠላሳ ደርሷል። ያነበበችው ሁሉ ውሸት ነው። ጉንዳኑም ተሰልፏል።»

እኔ እንዲሰማልኝ የፈለግኩት ውሸት ነው ያልኩትን ነበር። እሱ የሰማው ሠላሳውን ነው። በርጩማ ላይ ቆሞ ራሶቹን ከምድጃው በላይ ያወርድ ጀመር።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ሃያ ከሞላ ዝሩ አላለችም? ሠላሳ ከሆነ ምን እጠብቃለሁ? ከነዳምጤ የምንዋሳቸው በሬዎችም የሚገኙት ዛሬ ብቻ ነው።»

«ግን እኮ ይቋረጣል ብላለች።»

«አሁን ውሸት ነው አላልሽም እንዴ?»

እውነቱን ብናገር ሞሚና ልክ ነበረች ማለቴ ነው፣ ያንን ከምል ብዬ እሳቱን መቆስቆስ ያዝኩ። አባቴ ማሽላውን ፈልፍሎ በከረጢት ያዘና በሬዎቹን እየነዳ ወጣ። ከምድጃው በላይ ባዶ ገመድ ሲወዛወዝ አየሁ። ያኔ የአክስቴ በቆሎ ትዝ አለኝ። ዘንድሮ እነሱም የላቸውም።

ከራሴ ጋር ስሟገት ሦስት ሰዓት ሆነና ሞሚና ጋ ሮጥኩ። ከመለኪያው ሥር ቁጢጥ ብላ በእንጨት አፈር ትቆፍራለች። እርጥበቱ የአንድ ጣት አንጓ ያህል ገብቷል፣ ከዚያ በታች አመድ ነው። ደብተሯ ተከፍቷል፣ የዛሬው መስመር ባዶ ነው።

«ስንት ብለሽ ጻፍሽ?» አልኳት።

«አልጻፍኩም። ሠላሳ ሚሊ ጠጥቶ እንዲህ የሚደርቅ መሬት የለም።»

«አባቴ ሊዘራ ወጥቷል።»

ቀና ብላ አየችኝ። ደብተሯን አነሳችና «ሩጪ» አለች።

ስንደርስ አባቴ ብዙውን ትልም ጨርሷል።

«አባዬ፣ አቁም። ብዙ አልዘነበም። መለኪያው ውስጥ ውሃ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

በሬዎቹን አቆመ። እኔን አይደለም ያየው፣ ሞሚናን ነው። «እውነቷን ነው?» አላት። ውሸቴን እንኳ ከእሷ ካልሰማ አያምንም።

«መሬቱ ከላይ ብቻ ነው የራሰው ጋሽ አጥናፉ። የቀረዎትን ይመልሱት።»

ከረጢቱን ከፍቶ አየ። የቀረው የአራት ራስ ያህል ነው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «የተዘራውን ወፍ ይብላው» ብቻ አለና ሞፈሩን ፈታ። ከዚያ ለሞሚና፣ «እንግዲህ ይቺን መቼ ልዝራት ልጄ?»

«በአሥር ቀን ሌላ ወረቀት ይመጣል። ኢንሻ አላህ ቤት ድረስ መጥቼ እነግርዎታለሁ። ለቀረው መሬት ቶሎ የሚደርስ ዘር ካለ ደግሞ ተስፋዓለምን እጠይቅልዎታለሁ።»

ልጄ አላት። እኔ እዚያው ቆሜ። አልቻልኩም።

«እሺ፣ ውሃውን እኔ ጨመርኩ፣ ጥፋቱም የእኔ ይሁን» አልኩ። «ጉንዳኑን ግን እኔ አላሰለፍኩትም። አያችሁ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ይዘንባል። እሱን ደብተር አይነግራችሁም።»

ሞሚና እግሯ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በእንጨቷ እየጠረገች፣ «ውሃውን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

«ከእናቴ ብርጭቆ ማጠቢያ።»

«ታዲያ ጉንዳኑ የመጣው ለስኳሩ ነዋ» አለችና መንገዷን ያዘች።