ከቦራ ራስ በላይ ያለው ቀዳዳ

«በመጨረሻ መጣሽ! ግቢ፤ ከሳሎኑ ጀምሪ» አሉኝ እትዬ ስሜነሽ፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ።

በእጄ ሜትር፣ በብብቴ ደብተር ይዤ ነበርና ለምን እንደመጣሁ ያወቁ መሰለኝ። የሳሎኑን መስኮት አሳዩኝ፤ ለካሁ። የመኝታ ቤቱን አሳዩኝ፤ እሱንም ለካሁ። አራተኛው መስኮት ላይ ስንደርስ «ከታች መሬት እንዳይጠርግ፣ ከላይ ደግሞ እንዲሸበሸብ ተርፎ ይቆረጥ» ሲሉ ነገሩ ገባኝ። መጋረጃ ሰፊዋን ነበር የሚጠብቁት። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን አራት መስኮት ከለኩ በኋላ «እኔ እሷ አይደለሁም» ማለት አሳፈረኝና ሰባቱንም ለክቼ ጻፍኩ።

አብሮኝ የሚሠራው አሳምነው የቆርቆሮ ቱቦዎቹን ባጃጅ ጣሪያ ላይ አሳስሮ ሲደርስ የመጨረሻው መስኮት ላይ ነበርኩ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«መስኮት እየለካሁ።»

«መስኮት ለኪ ያለሽ ማነው?»

እትዬ ስሜነሽ እኔን አዩ፣ ቱቦዎቹን አዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ወይ ጉዴ፣ ለካ ኢንጂነሯ ነሽ! ታዲያ አፍ የለሽም እንዴ?»

«አላት፤ ደብተሯ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው» አለ አሳምነው።

አሳምነው የእንጅባራን ግማሽ ቤት አሸንዳ የሠራ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። እኔ በምህንድስና ተመርቄ አብሬው መሥራት ከጀመርኩ ገና ስምንት ወሬ ነው። የቤት ውስጥ አየር የሚቀይር መሣሪያ ስንገጥም ይህ የመጀመሪያችን ነበር። መሣሪያውን የእትዬ ስሜነሽ ልጅ ሀብቱ አዲስ አበባ ከተዘጋ አንድ ቢሮ ገዝቶ ነው የላከው። የልብስ ሳጥን ያህላል፤ ቱቦው ግን አብሮት አልመጣም።

የሚገጠመው ለእትዬ ስሜነሽ አባት ለአያ ክንዴ ነበር። አያ ክንዴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ደረታቸው ያማቸዋል። ሐኪሙ ከጭስና ከእርጥበት ይራቁ ብሏል። ግቢው ጥግ ያለው አሮጌ ቤታቸው ጭስ አለው። አዲሱ የብሎኬት ቤት ጭስ ባይኖረውም መስኮቶቹ ድርግም ብለው የሚዘጉ አሉሚኒየም ናቸው። በእንጅባራ ውርጭ ደግሞ መስኮት ከፍቶ የሚያድር የለም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ውሃ ያወርዳል፤ ከቁምሳጥኑ ኋላ ሻጋታ ይዟል።

«ይሄ ቤት ከእኔ የባሰ ያልበዋል» አሉ አያ ክንዴ፣ በዱላቸው ግድግዳውን ነካ አድርገው። «በሽተኛው ማናችን እንደሆንን መጀመሪያ ይለይ።»

መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ኮሌጅ የተማርኩት ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ከቤት የሚወጣው አየር ሞቃት ነው፣ አባባ። ከውጭ የሚገባው ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። የሚወጣው ጋቢውን ለሚገባው አልብሶ ይሄዳል።»

«ሳይነካኩ?»

«በመሃላቸው ስስ ግድግዳ አለ። ሙቀቱ ያልፋል፤ የታመቀው አየር ግን ተመልሶ አይገባም።»

«ጨዋ አየር ነው» አሉ። «መልካም፤ ሦስት ሌሊት እሞክረዋለሁ። ካልተስማማኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ ያኔ አንቺም ስሜነሽ አትጨቅጭቂኝ። ኮርቻዬም እዚያው ተሰቅሎ ይቆይ።»

ኮርቻው የቦራ ነው። ቦራ ግንባሩ ነጭ የሆነ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈረስ ነው፤ አያ ክንዴ ሁልጊዜ ጥር 23 ለፈረሰኞች በዓል የሚወጡት በእሱ ነበር። አሁን ሁለቱም ጡረታ ላይ ናቸው። የቦራ ጋጣ ከአሮጌው ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይያያዛል። እትዬ ስሜነሽ አጠገቤ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባዬ እዚያ ጭስ ውስጥ ይህን ክረምት የጨረሰው በእግዜር ቸርነት ነው። ሌላ ክረምት አይደግመውም። እባክሽ ልጄ፣ ይሄን ነገር በደንብ ሥሪልኝ።»

ቱቦውን ከኮርኒሱ በላይ ዘረጋን። ወደ መኝታ ቤቶቹና ወደ ሳሎኑ ንጹሕ አየር የሚያስገባ አንድ መስመር፣ ከወጥ ቤቱና ከመታጠቢያው የሚያወጣ ሌላ መስመር። አሳምነው እጁ አሸንዳ ለምዷልና አንዱን ቱቦ በሌላው ላይ ደርቦ፣ ሁለት ምስማር መትቶ ያልፋል።

«እዚህ ላይ ክፍተት አለ» አልኩት።

«ውሃ አያፈስም እኮ።»

«አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ብቻ አይሄድም። ቀዳዳ ባገኘበት ይወጣል።»

«እንደ ወሬ ነው በይኛ!»

ከእትዬ ስሜነሽ ጧፍ ለምኜ ለኮስኩና መሣሪያውን አስነስተን በየመጋጠሚያው አሳለፍኩት። ነበልባሉ የተንቀጠቀጠበት ቦታ ሁሉ ያፈሳል ማለት ነው። አሥራ አንድ ቦታ ተንቀጠቀጠ። አሳምነው አሥራ አንዱንም ያለ አንዳች ቀልድ አሸገ።

የቀረው ከውጭው ግድግዳ ጋር ማገናኘት ነበር። በሥዕሌ ላይ ንጹሑ አየር የሚገባው ከፊት ለፊት፣ የሚወጣው ከጓሮ ነው። እትዬ ስሜነሽ ግን ከፊት ለፊት የሚለውን ሲሰሙ ግንባራቸው ተኮማተረ። «የቤቱ ፊት ይበሳ? ገና ቀለሙ ሳይደርቅ? በጓሮ ይግባ፣ የሚወጣው በጎን ይውጣ።»

ጓሮው የአያ ክንዴ መኝታ ቤት ያለበት ነው፤ ከግድግዳው ውጭ ደግሞ የሣር ክምርና የከብት መንገድ አለ። ለሚገባ አየር የሚመረጥ ቦታ አይደለም። ይህን ማለት ነበረብኝ። «እሺ» አልኩ።

አያ ክንዴ ጓሮ ቆመው ግድግዳው ሲበሳ አዩ። «አየሩ የሚገባው በዚህ ነው?»

«አዎ አባባ። ከዚያ በአልጋዎ አናት ላይ አልፎ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቦራ ጋጣ አዩ።

በማግሥቱ ጠዋት ስልኬ ጠራ። «ቶሎ ነይ። ቤቴ ጋጣ ሆኗል» አሉ እትዬ ስሜነሽ።

እውነታቸውን ነበር። ግድግዳው ደርቋል፤ መስታወቱ ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። ግን ሳሎኑ፣ ኮሪደሩ፣ የእንግዳ መኝታው ሳይቀር ፈረስ ፈረስ ይሸታል። ወደ ጓሮ ዞርን። ቦራ ልክ ከቀዳዳው ሥር ታስሮ፣ ድርቆሽ ፊቱ ተከምሮለት፣ በእርጋታ ያኝካል።

አያ ክንዴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ፤ ፊታቸው በርቷል።

«አባዬ፣ ይህን ፈረስ ማን እዚህ አሰረው?»

«እኔ ነኛ። ልጅቱ ቱቦው በአልጋዬ አናት ያልፋል ብላኛለች። ሣር ሲያኝክ ልክ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ይሰማል። እሱን እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች። አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለኝም።»

«ሽታውስ?»

«የምን ሽታ?»

አሳምነው ፊቱን ወደ ሣር ክምሩ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ፈረሱ አሁኑኑ ወደ ጋጣው ይመለስ» አሉ እትዬ ስሜነሽ።

«ይመለስ» አሉ አያ ክንዴ በጣም በጨዋ ድምፅ። «እኔም አብሬው እመለሳለሁ።» የቦራን ገመድ መፍታት ጀመሩ።

እትዬ ስሜነሽ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣቸው ጠፍቶ ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ገመዱ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ ነበር፤ አንደኛው ቋጠሮ ተፈታ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ሁሉም አዩኝ፤ አሳምነው ጭምር። «ትናንት መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። በጓሮ አየር መግባት የለበትም። መግቢያው እንደ ሥዕሉ ከፊት ለፊት ይሁን። የጓሮው ቀዳዳ መውጫ ይሆናል፤ የጎኑን እንደፍነዋለን። አየሩ ወደ ውጭ ስለሚነፍስ ሽታ ይዞ አይመለስም። ቱቦው ግን ካለበት አይነሳም፤ አሁንም ከአባባ አልጋ በላይ ነው። ድምፁን ይሰሙታል።»

አያ ክንዴ እጃቸውን ከገመዱ ሳያነሱ ጠየቁ። «የሚወጣው አየር ጋቢውን ሰጥቶ አይደል የሚወጣው?»

«ሁሉንም አይሰጥም። ትንሽ ሙቀት ይተርፈዋል።»

«ለቦራ ትበቃለች» አሉ፤ ገመዱንም መልሰው ቋጠሩት።

«የቤቴ ፊትስ?» አሉ እትዬ ስሜነሽ፤ ድምፃቸው ግን ተሸንፏል።

«እትዬ፣ አበባ የመሰለ ክዳን ቆርቆሮ ቆርጬ አደርግበታለሁ» አለ አሳምነው። «ጎረቤት ሁሉ ፊት ለፊቴን ብሱልኝ እያለ ይመጣል።»

«አንተ ደግሞ!» አሉ፤ ሳቃቸውን ግን መያዝ አልቻሉም። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉ። «መጋረጃ ሰፊዋ ትናንት ማታ መጥታ ነበር። ጽፈሽ የተውሽልኝን ቁጥር አሳየኋት፤ መልሳ ለክታ አንዱንም አላረመችውም። አየሽ፣ ዝም ብለሽ የሠራሽው ልክ ነበር። ሌላውን ግን ተናገሪ።»

በዚያው ቀን ከቤቱ ፊት በስተቀኝ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ግድግዳውን በሳን። መሣሪያው ላይ መስመሮቹን አዛውረን መጋጠሚያዎቹን እንደገና በጧፍ ፈተሽናቸው። ወደ ማታ ሳሎኑ የሚሸተው አዲስ ቀለም ብቻ ነበር። ቦራ ከጓሮው ቀዳዳ ሥር ቆሞ ጆሮዎቹን ወደ ነፋሱ አቅንቷል፤ አያ ክንዴ በአዊኛ የሆነ ነገር እየነገሩት ጀርባውን ይዳብሱታል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ክዳኑን ልንገጥም ስንሄድ አያ ክንዴ ኮርቻውን ታቅፈው በሩ ላይ ጠበቁን። ከአልጋቸው ራስጌ ጠንካራ ማንጠልጠያ እንዲመታላቸው አሳምነውን ጠየቁት። መታላቸው፤ ኮርቻውንም እዚያ ሰቀሉት።